የመሪ ልቅነት

የመሪ ልቅነት የመኪና መሪ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲዞር የፊት ጎማዎቹ ሳይንቀሳቀሱ መሪው ብቻውን የሚሄደው ባዶ እንቅስቃሴ ነው። ማንኛውም መኪና ጥቂት ባዶ እንቅስቃሴ ይኖረዋል፤ ችግር የሚሆነው ከተፈቀደው መጠን ሲያልፍ ነው። ብዙ ዘመን ባገለገሉ ፒክ አፕ መኪኖች፣ በተለይም በአራቱም ጎማ በሚነዱና ከፊት ሙሉ አክስልና ባሌስትራ ባላቸው ላይ በብዛት ይታያል። ይህ መጣጥፍ የቀድሞውን ቶዮታ ሃይሉክስ እንደ ምሳሌ በመውሰድ ልቅነቱ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚፈተሽና እንዴት እንደሚጠገን ያብራራል።

ሃይሉክስ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን በአራቱም ጎማ የሚነዳው ዓይነት የተጨመረው በ1979 ነው። ይህ ዓይነት ከፊት እንደ ጭነት መኪና አንድ ወጥ አክስል ነበረው። ለአሜሪካ ገበያ ከ1986 ሞዴል ጀምሮ እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው በሚንቀሳቀስበት ሥርዓት ተተክቷል፤ በሌሎች ብዙ አገሮች ግን ባለ ሙሉ አክስሉ እስከ 1990ዎቹ ድረስ መሸጡን ቀጥሏል። በኢትዮጵያ ነጠላም ሆነ ደብል ጋቢና ሃይሉክሶች ለእርሻ፣ ለግንባታና ለገጠር ሥራ ለረጅም ጊዜ ሲያገለግሉ ስለቆዩ የዚህ መሪ ጥገና ዛሬም ያለፈበት ጉዳይ አይደለም።

የተፈቀደው መጠን

ቶዮታ ለእነዚህ ፒክ አፖች በጥገና መመሪያው ያስቀመጠው ከፍተኛ ባዶ እንቅስቃሴ፣ በመሪው ክብ ጠርዝ ላይ ሲለካ፣ 30 ሚሊ ሜትር ነው። ዲያሜትሩ 38 ሴንቲ ሜትር በሆነ መሪ ላይ ይህ 9 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ለመለካት መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ይቆማል፤ በመሪው ጠርዝ አጠገብ አንድ ሽቦ ዳሽቦርዱ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፤ ከዚያም መሪው በሁለት ጣት ብቻ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ እየተገፋ ጎማው መንቀሳቀስ የሚጀምርባቸው ሁለት ነጥቦች በጠመኔ ምልክት ይደረግባቸዋል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት መልሱ ነው። መኪናው በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ (ፓወር ስቲሪንግ) ካለው መለኪያው የሚወሰደው ሞተሩ ተነሥቶ ነው።

በ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ22 ሜትር በላይ ይጓዛል። ሾፌሩ ባዶውን እንቅስቃሴ ለመሙላት ግማሽ ሰከንድ ቢያጠፋ መኪናው ያለ መሪ 11 ሜትር ሄደ ማለት ነው። በጠባብ የገጠር አስፋልት ላይ ከፊት የሚመጣ አውቶብስ ሲታለፍ ይህ ቀላል ርቀት አይደለም። ሌላው አደጋ ደግሞ ልማድ ነው፤ ልቅነቱ የሚጨምረው በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ስለሆነ የዘወትሩ ሾፌር ሳያውቀው እጁን ከእሱ ጋር ያስማማል። ብዙ ጊዜ ችግሩን የሚያስተውለው መኪናውን ለአንድ ቀን የተዋሰ ሰው ነው።

አሠራሩ

በአሮጌው ሃይሉክስ የሾፌሩ እጅ እንቅስቃሴ ጎማው ጋር እስኪደርስ በብዙ መጋጠሚያዎች ያልፋል። መሪው ዘንጉን ያዞራል፤ ዘንጉ በማጠፊያ መጋጠሚያ በኩል ሻንሲው ላይ ወደታሰረው የመሪ ሳጥን ይገባል። በሳጥኑ ውስጥ ጥምዝ ጥርስ ያለው ዘንግ አለ። በዚህ ጥምዝ ላይ አንድ ትልቅ ዳዶ የተሰካ ሲሆን በሁለቱ መካከል የብረት ኳሶች ይንከባለላሉ፤ ኳሶቹ ከአንዱ ጫፍ ወጥተው በቱቦ ወደ ሌላው ጫፍ ስለሚመለሱ ሥርዓቱ ተመላላሽ ኳስ ያለው መሪ ይባላል። በጀነራል ሞተርስ የሳጊናው ክፍል ተሠርቶ በካዲላክ መኪኖች ላይ የገባው እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ ነው። የዳዶው ውጫዊ ጎን ጥርስ አለው፤ ይህ ጥርስ መውጫ ዘንጉን ያዞራል።

ከመውጫ ዘንጉ ጫፍ ላይ ፒትማን የሚባለው ክንድ ታስሯል። በባለ ሙሉ አክስሉ ሃይሉክስ ፒትማኑ የሚወዛወዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው። እሱም ጎታች ዘንግ (ድራግ ሊንክ) የሚባለውን አጭር ዘንግ ይገፋል፣ ይስባል፤ ጎታች ዘንጉ በሾፌሩ በኩል ያለውን የጎማ መያዣ (ናክል) ያዞራል። የሾፌሩን ጎማ ከማዶው ጎማ ጋር የሚያገናኘው ደግሞ ከአክስሉ ጋር ጎን ለጎን የተዘረጋው ረጅም አገናኝ ዘንግ፣ ማለትም ታይ ሮድ ነው። በዘንጎቹ ጫፍ ያሉት ኳስ ያላቸው መጋጠሚያዎች በጋራዥ ቴስቲኒ ይባላሉ።

ቴስቲኒ ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ «ትንንሽ ራሶች» እንደማለት ነው። ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ዳዶ፣ ክሪክና ካቻቢቴም እንዲሁ ከጣልያንኛ የገቡ ናቸው። ዳዶ በጣልያንኛ የመጫወቻ ዛር ማለትም ነው፤ ባሌስትራ ደግሞ ጥንት ቀስት ማስፈንጠሪያ መሣሪያ ነበረ፤ የመኪናውን ጎባጣ ምንጣፍ መሰል ብረት ለተመለከተ ስሙ እንዴት እንደተሰጠው ግልጽ ነው።

ትንሿ ክፍተት ለምን ትልቅ ትሆናለች

በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ያለ ክፍተት ከሌላው ጋር ይደመራል። ነገር ግን ድምሩ እኩል አይደለም፤ ወደ ጎማው የቀረበ ክፍተት መሪው ላይ ሲደርስ ተባዝቶ ነው። የመሪው ምጣኔ 20 ለ 1 የሆነ፣ ማለትም መሪው 20 ዲግሪ ሲዞር ጎማው 1 ዲግሪ የሚዞርበት መኪና ይወሰድ። የናክሉ ክንድ 15 ሴንቲ ሜትር ቢረዝምና በጎታች ዘንጉ ጫፍ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖር ጎማው 0.38 ዲግሪ ያህል ሳይታዘዝ ይቀራል። ይህ በ20 ሲባዛ በመሪው ላይ 7.6 ዲግሪ፣ በጠርዙ ላይ ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ያረጀ ቴስቲኒ ብቻውን ከተፈቀደው 30 ሚሊ ሜትር አብዛኛውን ይበላል ማለት ነው።

ከዚህ ስሌት የሚከተለው ነገር ተግባራዊ ነው። በዓይን ሲታይ «ምንም አይል» የተባለ መጋጠሚያ የችግሩ ዋና ምክንያት ሊሆን ይችላል። የመሪ ሳጥኑን በቀጥታ መውቀስም ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው፤ ሳጥኑ ከሁሉም ውድ ዕቃ ሲሆን፣ ርካሾቹ ቴስቲኒዎች ግን ለአቧራ፣ ለጭቃና ለድንጋይ የበለጠ የተጋለጡ ናቸው።

ፍተሻ

ዋናው ፍተሻ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ መሣሪያ ግን አያስፈልገውም። መኪናው በጎማዎቹ ላይ እንደቆመ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞና ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ታኮ ገብቶ፣ አንዱ ሰው መሪውን በአጭሩ ግራ ቀኝ ያወዛውዛል። ሌላው ከሥር ሆኖ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ከላይ ወደ ታች ይከታተላል። ክብደቱ ጎማዎቹ ላይ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ መኪናው በክሪክ ከተነሣ ጎማው ያለ ተቃውሞ ስለሚዞር ክፍተቱ አይታይም።

ከሥር ያለው ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አንዱ ክፍል ተንቀሳቅሶ ከእሱ ጋር የተያያዘው የሚዘገይበት ቦታ። እጅን መጋጠሚያው ላይ አስቀምጦ መዳሰስ ከማየት ይበልጣል፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ለዓይን ይጠፋል፣ ለጣት ግን «ጠቅ» የሚል ስሜት ይሰጣል። የመሪው ዘንግ ወደ ሳጥኑ ሲገባ ይዞራል? መጋጠሚያው ያረጀ ከሆነ ከላይ ያለው ዘንግ ዞሮ ከታች ያለው ይቆማል። የሳጥኑ መግቢያ ዞሮ ፒትማኑ ከዘገየ ችግሩ በሳጥኑ ውስጥ ነው። ሳጥኑ ራሱ ሻንሲው ላይ ከተነቃነቀ የማሰሪያ ብሎኖቹ ላልተዋል፣ ከዚያ የከፋ ከሆነም ሻንሲው በብሎኖቹ ዙሪያ ተሰንጥቋል። የሻንሲ ስንጥቅ በጭቃ ሥር ስለሚደበቅ ቦታው በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ መታየት አለበት። የተሰንጠቀ ሻንሲ የያዘ መኪና ሳይጠገን መንዳት የለበትም።

ቀጥሎ አንዱ የፊት ጎማ በክሪክ ይነሣል፤ አክስሉም ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ላይ ያርፋል። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባት ሰው ገድሏል፣ ይገድላልም። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዛወዝ የሚነቃነቅ ከሆነ ወይ የጎማው ኩሽኔታ ወይ የናክሉ ኩሽኔታ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሌላው ሰው የእግር ፍሬን ይረግጣል፤ ፍሬኑ ጎማውን ከናክሉ ጋር ስለሚያስተሳስር መነቃነቁ ከቆመ የጎማው ኩሽኔታ ነበር፤ ከቀጠለ የናክሉ ነው። ይህ ዘዴ ቀላል ቢሆንም ብዙ ሰዎችን ከማያስፈልግ ወጪ አድኗል።

ዘንጎችና ቴስቲኒዎች

የታይ ሮድ ቴስቲኒ አይጠገንም፣ ይቀየራል። ኳሱን የሚሸፍነው ላስቲክ ከተቀደደ ምንም ክፍተት ባይታይም ዕድሜው አጭር ነው፤ አቧራ ከግራሶው ጋር ተደባልቆ እንደ ሞረድ ይበላዋል። አሮጌውን ለማውጣት መቆለፊያ ሽቦው ተነቅሎ ዳዶው ይፈታል፤ ከዚያ የናክሉ ክንድ ዓይን ከጎን በመዶሻ ይመታል። ቴስቲኒው ሾጣጣ ቀዳዳ ውስጥ የተቀረቀረ ስለሆነ ዓይኑ ሲመታ ለቅጽበት ተለጥጦ ይለቀዋል። የቴስቲኒውን ጥርስ ጫፍ ወደ ላይ መቀጥቀጥ ግን ጥርሱን ያበላሻል እንጂ አያወጣውም።

የታይ ሮዱ አንድ ጫፍ የቀኝ ጥርስ፣ ሌላው የግራ ጥርስ አለው። አሮጌው ሲፈታ የዞረበት ቁጥር ተቆጥሮ አዲሱ በዚያው ቁጥር ከገባ የጎማዎቹ አቅጣጫ ከቀድሞው ብዙ አይርቅም። አዲሱ ዳዶ በመመሪያው ጥብቀት ከታሰረ በኋላ የሽቦው ቀዳዳ ካልተገጣጠመ ዳዶው ይጨመርበታል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም። መቆለፊያ ሽቦ ሁልጊዜ አዲስ ይሆናል፤ አሮጌ ሽቦ አቃንቶ መመለስ በጋራዦች የተለመደ ቢሆንም ዋጋው ከአንድ ስኒ ቡና የማይበልጥ ዕቃ ለመቆጠብ ተብሎ የሚወሰድ ድፍረት ነው።

የጎታች ዘንጉ ጫፎች በብዙዎቹ አሮጌ ሃይሉክሶች ላይ የተለዩ ናቸው። ኳሱ በዘንጉ ቱቦ ውስጥ በሁለት ጎድጓዳ መቀመጫዎች መካከል ይቀመጣል፤ ከኋላው ጥምዝ ስፕሪንግ፣ ከስፕሪንጉ በኋላ ጥርስ ያለው መዝጊያ አለ። ስለዚህ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ያረጁት መቀመጫዎች ተቀይረው፣ ግራሶ ተሞልቶ ሊመለስ ይችላል። መዝጊያው እስከ መጨረሻው ይጠብቃል፣ ከዚያም መመሪያው በሚለው መጠን ወደ ኋላ ተላልቶ በሽቦ ይቆለፋል። ሙሉ በሙሉ ጠብቆ ከተተወ ኳሱ ይታነቃል፤ መሪውም ይከብዳል። ቁርጥራጮቹ በምን ቅደም ተከተል እንደነበሩ ከመፍታት በፊት ፎቶ ማንሣት ይመከራል፤ የሁለቱ ጫፎች አቀማመጥ አንድ ዓይነት አይደለምና።

ኩሽኔታዎች

የጎማው መሐል በሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ላይ ይዞራል፤ ጥብቀታቸውን የሚወስነው 54 ሚሊ ሜትር መፍቻ የሚፈልግ ቀጭን ዳዶ ነው። መፍቻው በሁሉም ቦታ ስለማይገኝ ዳዶውን በመሮና በመዶሻ እየመቱ ማዞር የተለመደ ሆኗል። በዚህ መንገድ ትክክለኛ ጥብቀት ማግኘት አይቻልም፤ ከብዙ ሃይሉክሶች የሚወጣው ዳዶ ዙሪያውን የተቆረጠመ የሚመስለውም ለዚህ ነው። መፍቻው አንዴ ከተገዛ ለላንድ ክሩዘርም ይሆናል።

ናክሉ ደግሞ ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ትንንሽ ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ላይ ይዞራል። ጥብቀታቸው የሚስተካከለው በሽፋኖቹ ሥር በሚገቡ ሺም የሚባሉ ቀጫጭን የብረት ቁርጥራጮች ነው፤ ሺም ሲቀነስ ይጠብቃል፣ ሲጨመር ይላላል። መሪው ቀጥ ባለበት ቦታ ላልቶ ሲታጠፍ የሚጠብቅ ከሆነ የኩሽኔታው መቀመጫ በአንድ ቦታ ተቦርቡሯል ማለት ነው፤ ይህን ሺም አያስተካክለውም፣ ኩሽኔታው ይቀየራል። ሥራው የናክሉን ሙሉ መፍታት ስለሚጠይቅ የዘይት ማገጃ ላስቲኮቹም አብረው መቀየር አለባቸው።

የመሪ ሳጥኑ ማስተካከያ ብሎን

በሳጥኑ ክዳን ላይ በዳዶ የተቆለፈ አንድ ብሎን አለ። ብሎኑ ወደ ውስጥ ሲገባ መውጫ ዘንጉን ይገፋና የዘንጉንና የዳዶውን ጥርሶች ያቀራርባል። በአንድ መፍቻና በአንድ ካቻቢቴ በሁለት ደቂቃ ስለሚሠራ «መሪውን አጥብቅልኝ» የተባለ ሁሉ መጀመሪያ የሚያዞረው ይህን ነው። መሆን ያለበት ግን የመጨረሻው ነው።

ምክንያቱ በጥርሶቹ አሠራር ላይ ይገኛል። መኪና አብዛኛውን ጊዜውን የሚሄደው ቀጥ ብሎ ስለሆነ ፋብሪካው የመካከሉን ጥርስ ከዳርና ዳሩ ይልቅ ትንሽ ጠበቅ አድርጎ ይቆርጠዋል። በዚያው ምክንያት በብዛት የሚበላውም የመካከሉ ጥርስ ነው። ብሎኑ ጎማዎቹ ታጥፈው እያለ፣ ጥርሱ በተፈጥሮው ላላ ባለበት ቦታ፣ ከተጠበቀ መሪው ወደ መካከል ሲመለስ ይታነቃል። መካከሉ በጣም ያረጀ ሳጥን ደግሞ በተቃራኒው ቀጥ ባለበት ቦታ በትክክል ከተጠበቀ መታጠፊያ ላይ ይታነቃል። ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ የማይመለስ መሪ ከልቅ መሪ የበለጠ አደገኛ ነው። ስለዚህ ማጥበቁ ባዶ እንቅስቃሴውን ቢያጠፋም መኪናውን አስተማማኝ አደረገው ማለት አይደለም።

ትክክለኛው አሠራር ይህን ይመስላል። ጎታች ዘንጉ ከፒትማኑ ይለያያል። መሪው ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ዞሮ ዙሮቹ ይቆጠራሉ፤ በግማሹ ላይ ሲቆም ሳጥኑ መካከሉ ላይ ነው። መቆለፊያ ዳዶው ይላላና ብሎኑ በአንድ ጊዜ ከስምንተኛ ዙር በማይበልጥ መጠን ወደ ውስጥ ይገባል። ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላ ፒትማኑ በእጅ ተወዛውዞ ክፍተቱ ይፈተሻል፤ መሪውም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞራል። መካከሉን ሲያልፍ ቀላል ክብደት መሰማቱ ጤናማ ነው፤ በየትኛውም ሌላ ቦታ መያዝ ግን የለበትም። በመጨረሻ ብሎኑ በካቻቢቴ ባለበት ተይዞ ዳዶው ይቆለፋል፤ ካልተያዘ ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን አብሮ ያዞረዋል። መካከሉ ላልቶ ዳሩ የሚይዝ ሳጥን ማስተካከያ የለውም፤ ተፈትቶ ያረጁት ክፍሎች መተካት፣ ወይም ሙሉው መቀየር አለበት። ፒትማኑ ከመውጣቱ በፊት እሱና ዘንጉ ላይ አንድ መስመር ምልክት ካልተደረገ ሲመለስ በአንድ ጥርስ ተሳስቶ ሊገባ ይችላል።

የሳጥኑ ዘይትም መታየት አለበት። ፓወር ስቲሪንግ በሌለው ሳጥን ውስጥ ያለው የማርሽ ዘይት በአሮጌ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ አልቆ ይገኛል፤ ማንም አያየውምና።

መሪው ሳይላላ የሚዋልል መኪና

ባዶ እንቅስቃሴው ከ30 ሚሊ ሜትር በታች ሆኖ መኪናው ግን መንገዱን አልይዝ የሚልበት ሁኔታ አለ። እዚህ ላይ መጋጠሚያ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የጎማ ንፋስ ነው። ሁለተኛው የባሌስትራው ላስቲክና ማንጠልጠያ ነው። ጎታች ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚገፋ፣ ላስቲኩ አልቆ አክስሉ ራሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሄድ ሾፌሩ ሳይነካው ጎማው ይታጠፋል። ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን የሚስብና ፍሬኑ ሲለቀቅ የሚመለስ አሮጌ ሃይሉክስ ላይ ፍሬኑ ከተፈተሸ በኋላ ይህ መታየት አለበት።

ሦስተኛው የናክሉ ምሰሶ ወደ ኋላ የሚያጋድልበት ማዕዘን (ካስተር) ነው። ይህ ማዕዘን ጎማውን ቀጥ ወዳለበት የሚመልሰው ኃይል ምንጭ ነው። መኪናውን ከፍ ለማድረግ ረጅም የባሌስትራ ማንጠልጠያ ሲገጠም አክስሉ ተሽከርክሮ ማዕዘኑ ሊቀንስ ይችላል፤ መኪናውም ምንም ሳይላላ የላላ ይመስላል።

ከጥገና በኋላ

ታይ ሮድ ወይም ቴስቲኒ ከተነካ የፊት ጎማዎቹ ትይዩነት መለካት አለበት። የአላይመንት ማሽን በሌለበት ከተማ በሜትርና በጠመኔ ይሠራል። በሁለቱ ጎማዎች የኋላ ገጽ ላይ፣ በአክስሉ ከፍታ፣ ምልክት ተደርጎ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይለካል። ከዚያም መኪናው ግማሽ የጎማ ዙር ወደ ፊት ተገፍቶ እነዚያው ምልክቶች ፊት ለፊት ሲመጡ እንደገና ይለካል። የሁለቱ ልኬቶች ልዩነት ከመመሪያው ጋር ይነጻጸራል፤ በታይ ሮዱ መዞርም ይስተካከላል። ለሁለቱም ልኬት አንዱን ምልክት መጠቀም ያስፈለገው የተጣመመ ጎማ ልኬቱን እንዳያሳስት ነው።

አንዳንድ ባለቤቶች በተወሰነ ፍጥነት መሪው በኃይል ሲንቀጠቀጥ ከአክስሉ ጋር ጎን ለጎን የሚተኛውን የመሪ ማርገቢያ ሾክ አብዞርበር በአዲስ ይቀይራሉ። መንቀጥቀጡ ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት ይጠፋል። ማርገቢያው የሠራው ግን የላላውን የናክል ኩሽኔታ ወይም ቴስቲኒ መደበቅ ብቻ ነው፤ ሲደክም መንቀጥቀጡ ይመለሳል፣ በዚያን ጊዜ መጋጠሚያው ከበፊቱ የበለጠ ተበልቷል። ስለዚህ በፍተሻው ጊዜ ማርገቢያው ከአንድ ጫፉ ተፈትቶ መኪናው ያለ እሱ ቢወዛወዝ እውነተኛው ክፍተት ይገለጣል።